ሰው ያላት ሴት

ጻፊ እንግዲህ። ስናገር አታሳምሪው፤ እንዳልኩሽ አድርገሽ ጻፊው።

ጎረቤቴ ቤት አገኘች። ሰፈሩ ሁሉ ተመስገን ይላል። እኔም እላለሁ፤ አፌ ይላል። ሆዴ ግን እስካሁን እሺ አላለኝም።

አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ለሚያነበው ሰው ግን ልንገር። እዚሁ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። እሷ ከጓሮ ባለችው ጭቃ ቤት፣ እኛ ከፊት ባለችው አንድ ክፍል። እሷ የሲዳማ ልጅ ናት፤ ባሏ ሲሞት ነው ከገጠር ከተማ የገባችው። እኔ ደግሞ ባሌን ሥራ ሲያዛውሩት ከጎጃም ተከትዬው መጣሁ፣ እሱም ሞተ፣ እኔም እዚሁ ቀረሁ። እሷ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች፣ እኔ በርበሬ አዘጋጅ ነበር። እሷ ጴንጤ ናት፤ «ሃሌሉያ» እላታለሁ። እሷ እኔን «ፆመኛዋ» ትለኛለች። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፣ ከሞያሌ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ባለግቢው ሲሞት ወራሾቹ የጓሮውን ቤት ፎቅ እንሠራበታለን ብለው አፈረሱት። እኛን ለጊዜው ተዉን። ግን «ሰው እንዳትጨምሩ፤ አንድ ሰው ካደረ ሁላችሁም ትወጣላችሁ» አሉን። ዘበኛም አቆሙብን። እናትሽ፣ አንቺ፣ ወንድምሽ፣ እኔ፣ እንዲያውም ስንገላበጥ ተነጋግረን ነው። ጎረቤቴ ማዶ ያለ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ላስቲክ ወጠረች። ቀን ቀን እኛ ቤት ናት። እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትታጠባለች፣ አንቺንም ትቆጣለች። ሲመሻሽ ትነሳና «በሉ ደህና እደሩ፣ ቤቴ ልግባ» ብላ መንገዱን ትሻገራለች። ቤቴ የምትለው ያችን በረንዳ ነው።

ቤቷ ፈረሰ እንጂ ከእድራችን አልወጣችም። ለቅሶ ሲሆን ከሁላችን ቀድማ ደርሳ ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት። ይሄን ልብ አድርጊው፤ በኋላ ይመጣል።

ከዚያ ሳል ያዛት። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲመጣ ያ በረንዳ ወንፊት ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣትና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «እማማ፣ እኚህ እናት ክረምቱን ውጭ ካደሩ አይወጡትም» አለኝ። ሌላ ነገር አላለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማዩን ማየት ሆነ ሥራዬ።

ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ የተጠራው በዚያ ሰሞን ነው። ከቀበሌው፣ ከማህበራዊ ጉዳይ፣ ከአንድ እርዳታ ድርጅት፣ ደግሞ ከቤተክርስቲያን የተወከሉ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። እስካሁን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነበር የሚረዱት አሉ፤ አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ጸሎት። አሁን ግን አንድ ላይ ሆነው ጎዳና የወደቀውን ሁሉ ቤት ሊያስገቡ ነው። ምሥራቅ የሚባለው ሰፈር ክፍሎች ተሠርተዋል። ድርጅቱ አልጋና ፍራሽ ያስገባል፣ ማህበራዊ ጉዳይ ያጣራል፣ ቀበሌው ይመሰክራል። መነጽር ያደረገው የድርጅቱ ሰውዬ ተነስቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል አጨበጨብን። እኔማ እጄ እስኪግል።

ጎረቤቴ አጠገቤ ነበረች። «ሰማሽ?» አልኳት።

«አልጋ አለው ነው ያለው?»

«አልጋም ፍራሽም።»

«በስተርጅና ከአልጋ መውደቅ መጣብኝ በይኛ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሰዉ ዞሮ እስኪያየን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከማህበራዊ ጉዳይ አንዲት ቀጭን ልጅ መጣች፤ ደረቷ ላይ ባጅ አንጠልጥላ። «ማክሰኞ ኮሚቴው መጥቶ ያያቸዋል። ከቦታቸው እንዳይጠፉ» ብላን ሄደች።

እንግዲህ ሰው ሊያይሽ ይመጣል ከተባልሽ ምን ታደርጊያለሽ? እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ነው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ቤቱ ይጠረጋል፣ ልጅቷ ትታጠባለች፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያሞግሳታል። የእድሩ ሴቶች ማክሰኞ ጠዋት ሳይነጋገሩ መጡ። አንዷ ውሃ አሙቃ ገላዋን አጠበቻት፣ እግሯን በድንጋይ ፈተገችው። አንዷ፣ የአገሯ ልጅ፣ ለጋ ቅቤ አምጥታ ጸጉሯን ቀባቻት። አንዷ ልጇ ከአረብ አገር የላከችላትን ቀሚስ፣ ራሷ አንድ ቀን እንኳን ያልለበሰችውን፣ አለበሰቻት። እኔ የቤተክርስቲያን ነጠላዬን ሰጠኋት።

«ይሄ የማርያም ነጠላ አይደለም እንዴ?» አለች ስታጣፋው።

«ነው።»

«ሃሌሉያ ትከሻ ላይ ሲያርፍ አይቆጣም?»

«ዝም ብለሽ ቁሚ» አልኳት። አማረባት ግን። ድሮ ቤት የነበራት ሴት መሆኗ ታየ።

በረንዳውን ጠረግን፣ ውሃ ረጨንበት። ላስቲኩን፣ ማዳበሪያውን፣ የጠቆረችውን ድስት አንስተን እኛ አልጋ ሥር ደበቅን። ገመና ለእንግዳ አይታይማ። ከየቤታችን በርጩማ አወጣን። ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦ በሳህን። ይሄን ሁሉ ስናደርግ ደስ ብሎን ነበር። ጥፋት ነው አልልም፤ ጥፋት ብለሽ እንዳትጽፊው። ዛሬም እንግዳ ይመጣል ብትይኝ ያንኑ ነው የማደርገው።

ኮሚቴው መጣ። ባለመነጽሩ፣ ቀጭኗ ልጅ፣ ከቤተክርስቲያን የተወከሉ አንድ ሽማግሌ፣ ደግሞ የቀበሌው ሰውዬ። የቀበሌው ሰውዬ የእድራችን አባል ነው። እናቱ የሞቱ ጊዜ እህል አልቀምስም ብሎ ሲወድቅ፣ አጥሚት በማንኪያ ያጎረሰችው ያችው ጎረቤቴ ናት።

ባለመነጽሩ ዙሪያውን አየና «ጎዳና ላይ ያሉት እናት የታሉ?» አለ።

«ይችውልህ» አልነው።

ከቅቤው ጀምሮ እስከ ጫማዋ አያት። «እዚህ የሚያድሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። እስቲ በመጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ሻይ ጠጡ።»

ተቀመጡ፣ ጠጡ፣ ዳቦውንም በሉ። እሱ ሲበላ እኛ ጀመርን።

«ዝም ብላ የወደቀች ሰው እንዳትመስልህ ልጄ» አለች አንዷ። «ሰው አላት።»

«እድርተኛ ናት» አለች ሌላዋ። «ነገ ብትሞት ድንኳን አላት፣ ንፍሮ አላት፣ ቀባሪዋ እኛ ነን።»

እኔም አላረፍኩም። «እኔ እያለሁ አንድ ቀን ጦሟን አድራ አታውቅም» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

ልጅቷ መጻፏን አቁማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ቅንድቧን ታነሳለች። በርቺ፣ ጨምሪ የምትለኝ መሰለኝና ጨመርኩ። የቀበሌው ሰውዬ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። እሱ ገብቶታል።

ሲሄዱ ባለመነጽሩ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ መልካም ሰፈር ነው» አለን። እኛ ቤቱ ተሰጠ ብለን ተሳሳምን፤ ለጥቂት ሌሊት ነው ብለን ማታ ላስቲኩን መልሰን ወጠርንላት።

ቤት የደረሳቸው ሰዎች ስም ቀበሌ ሲነበብ የእሷ የለም። ተረስቶ ነው ብዬ ባለመነጽሩን ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት።

«እማማ» አለኝ፣ በትህትና፣ «ቤቱ ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው ነው። እኚህ እናት ደጋፊ አላቸው።»

«ደጋፊዋ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ። ራስዎ ነገሩን እኮ።»

እኔ። በልጄ ክፍል አንድ ጥግ ተኮራምቼ የማድረው።

ማህበራዊ ጉዳይ ሄድኩ። «እኛ ያጣራነውን አቀረብን፣ ወሳኙ ኮሚቴው ነው» አሉኝ። ድርጅቱ ጋ ሄድኩ። ፒያሳ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቴን በሁለት እጄ እያነሳሁ ወጣሁት። «እኛ አልጋ ነው የምናቀርበው፣ ሰው የሚልክልን ቀበሌ ነው» አሉኝ። ውሃ ግን ሰጡኝ፤ ቀዝቃዛ፣ በላስቲክ ጠርሙስ። ቀበሌ ተመለስኩ። «በጋራ የተወሰነን ነገር አንዱ ብቻውን አያፈርሰውም» አሉኝ። አይ ድር። አንበሳ ሲያስር አላየሁም። እኔን ግን ከቢሮ ቢሮ አስሮ አዋለኝ።

ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች መጡ፤ በረንዳውን አልፎ ማዳበሪያዋ ድረስ ይገባል። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳሏ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። ሳይሰማኝ ሲቀር ይብሳል።

አንድ ቀን ያቺ ቀጭን ልጅ ከሥራ ወጥታ መጣች። ባጁን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። ይሄን ጻፊ፤ ክፉ ልጅ አይደለችም።

«እማማ፣ ቅሬታ አቅርቡ። ኮሚቴው ደግሞ እንዲያያቸው አደርጋለሁ» አለችኝ። «ግን በዚያ ቀን ማንም ከጎናቸው እንዳይቆም።»

«ማንም ስትይ?»

«ማንም። እርስዎም። ከተጠየቃችሁ አናውቃትም በሉ።»

«ልጄ፣ ሰው የሚያውቀውን ሰው እንዴት አላውቅም ይላል?»

«እማማ፣ መመሪያው እንደዚያ ነው። የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

ሴቶቹ ተሰብስበን ተነጋገርን። አንዷ ይሄማ ኃጢአት ነው አለች። አንዷ ቀልደኛዋ፣ «ጴጥሮስም ክዶ ክዶ መጨረሻ ላይ ቁልፍ ተሰጠው» አለችና ሁላችንም ሳቅን። ጎረቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ ስትሰማ ቆየች።

«እሺ» አለች። «ግን አመድ አልቀባም። ለምኜ አላውቅም፣ ለማኝ አልመስልም። በገዛ ልብሴ እቀመጣለሁ።»

ዝናቡ ያላላውን ላስቲክ አጥብቀን ወጠርነው። ማዳበሪያውን አነጠፍን። ያችን የጠቆረች ድስት አንስቼ አጠገቧ ሳስቀምጥ፣ እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ነበር። ከዚያ ሁላችንም በየቤታችን ገባን፤ በር ዘጋን። በጠራራ ፀሐይ ሰፈሩ በሙሉ በር ዘጋ።

ኮሚቴው መጣ። በቀዳዳ አየኋቸው። ሻይ የለም፣ በርጩማ የለም። ቆመው አነጋገሯት። በዚሁ ይለፍ ብዬ ስጸልይ የኛ በር ተንኳኳ። ለካ የጎረቤት ምስክር ያስፈልጋል። ያንኳኳው ያው የእድራችን ሰውዬ ነው። ባለመነጽሩ ከኋላው ቆሟል።

«እማማ» አለኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ቤቴ እህል ቀምሶ እንደማያውቅ ሰው፣ «ማዶ ያሉትን እናት ያውቋቸዋል?»

ቀና ስል እሷ ታየኛለች። ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ብቻ ነው ያለው። አንድ ባጃጅ በመሃላችን አለፈ።

«እዚያ ስትቀመጥ አያታለሁ እንጂ አላውቃትም» አልኩ።

«ዘመድ ወዳጅ ይጠይቃቸዋል?»

«የሚጠይቃት የለም።»

ባለመነጽሩ «እናመሰግናለን እማማ» አለኝ። ሰውዬው ደግሞ ወደ እሱ ዞሮ «እኔም እዚህ ሰፈር ሰው አላቸው ሲባል አልሰማሁም» አለ። ማዶ እሷ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

ቤቱ ተሰጣት። ሊወስዷት መኪና መጣ፤ ጎኑ ላይ የሁሉም ቢሮ ምልክት ተለጥፎበታል። ፎቶ አነሷት። አዲስ ብርድ ልብስ ሁሉም በየጫፉ ይዘው፣ እሷ መሃል። እኛ በራችን ላይ ቆመን እንደ መንገደኛ እናያለን። ቀልደኛዋ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ክንዷን ያዝኳት። ለማያውቁት ሰው እልል አይባልማ። ጎረቤቴ መኪናው ውስጥ ገባች፤ ዞራም አላየችን።

ትንሽ ቆይቼ ልጠይቃት ወጣሁ። አንቺን ይዤ። ለአዲስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ እኔ ጎጃሜዋ ራሴ ቆጮ ጋገርኩላት። በባጃጅ ምሥራቅ ሄድን። ግቢው ደህና ነው፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ ቧንቧ አለው። በር ላይ ዘበኛ፣ ከውስጥ አንዲት ተቆጣጣሪ ሴት።

«ዘመድ ነዎት?» አለችኝ። «ዘመድ የሚመጣላቸው ከሆነ ለኮሚቴው ማሳወቅ አለብኝ።»

ምን ልበል? ጎረቤት ነኝ አልኩ። ጠራቻት። ከክፍሏ ወጣች፤ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ፊቷ ሞላ ብሎ።

«እማማ፣ እኚህ ሴትዮ እርስዎን ፈልገው ነው። ያውቋቸዋል?»

ጎረቤቴ አየችኝ። ጥሩ አድርጋ ነው ያየችኝ። «አላውቃቸውም» አለች። «ቤት ተሳስተው ይሆናል።»

ዞራ ገባች። ቆጮውን ለዘበኛው «ለራበው ሰው ስጥልኝ» ብዬ ተመለስኩ። ባጃጅ ውስጥ አንቺ «አያቴ፣ ዓይኗ ደክሞ ይሆናል» አልሽኝ። ዓይኗ ደህና ነው። ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የምታስገባ ሴት ናት። እኔም ያን ቀን የገዛ ቃሌ ነው የተመለሰልኝ ብዬ እህል አልቀመስኩም።

ቂም ነው ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ከምሥራቅ ጎመን እያመጣች ገበያችን የምትሸጥ ሴት ጠራችኝ።

«ፆመኛዋ የሚሏት እርስዎ ነዎት?»

«ማን ይላታል?»

«አንዲት እናት ናቸው። እሁድ ትምጣ ብለዋል፤ እሁድ ቢሮ አይሠራም፣ ተቆጣጣሪዋም የለችም። ግቢ ግን እንዳይገቡ፤ ዘበኛው ይናገራል። ከባጃጅ መቆሚያው ማዶ ካለው ዋርካ ሥር ትጠብቀኝ ብለዋል።» ከዚያ ሳቋን ያዝ አደረገችና፣ «ደግሞ ቆጮው አልቦካም ብለዋል። ሁለተኛ እንዳትጋግር ብለዋል» አለች።

እዚያው የሰው ጎመን ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ጎመኑ እንዳይረግፍ ትሰበስባለች።

አሁን እሁድ እሁድ፣ እሷ ከጸሎቷ እኔ ከቅዳሴዬ ወጥተን፣ እዚያ ዋርካ ሥር ካርቶን አንጥፈን እንቀመጣለን። አባ ኮዳ የሚሉት ያ ትልቅ የሐይቅ ወፍ ከላይ ሆኖ ያየናል፤ አንዳንዴም ካርቶናችን ላይ ኩሱን ይጥላል። ሰው ሲያልፍ እሷ ወዲያ ታያለች፣ እኔ ወዲህ። ሳንቲም የሚጥልልን አለ። ቤት ሳይኖራት እኛ ቤት ነበር የምትውለው። ቤት ካገኘች ወዲህ መንገድ ዳር ሆንን። ያ ክፍሏ ውስጡ ምን እንደሚመስል አላውቅም። አልጋው በየት በኩል እንደሆነ፣ መስኮት እንዳለው፣ አላየሁም። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ አስበዋለሁ። በዚያ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ እንደሷ ሰው የለኝም ብሎ የገባ ነው፤ ማታ ማታ ስለ ልጆቻቸው ለማውራት እንኳን ይፈራሉ አለችኝ።

ያለፈው እሁድ ወሬያችን ሁሉ ሲያልቅ፣ «ስሞት ማን ይነግራችኋል?» አለችኝ።

«ጎመን ሻጯ።»

«ነገረቻችሁ። ምን ብላችሁ ትመጣላችሁ? ቀባሪ የላትም ብላችኋል እኮ።»

«የማናውቃትን ሴት ልንቀብር መጣን እንላለና።»

ሳቀች። ሳሏ አልተነሳም። ይሄን ቤቱ ሰጥቷታል፤ አልክድም። በኋላ ሰፈር ተመልሼ ለቀልደኛዋ ስነግራት ግን አልሳቀችም፤ እሱ ለካ ቀልድ አይደለም።

«ሬሳዬን ይሰጧችኋል?» አለች ጎረቤቴ፣ ሳቋን ስትጨርስ።

«ተሰብስበው ይወስናሉ።»

ካርቶኗን አጥፋ ዛፉ ሥር ሸጎጠችው፤ ለሌላው እሁድ። ቀሚሷን አራገፈች፣ መንገዱን በግራ በቀኝ አየች። «በይ ደህና ዋይ፣ ቤቴ ልግባ» አለችኝ።

እንግዳ እስከ በር ይሸኛል፤ ወዳጅ ደግሞ ከበርም ያልፋል። እኔ እዚያው ዛፉ ሥር ቀረሁ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ሲያስገባት፣ ከማዶ ሆኜ እንደማላውቃት ሰው አየኋት።